ከድህነት የተመረቁት ወይዘሮ ቡሴ ዋቅሹማ

በእድራችን ድንኳን ሥር የተሰበሰባችሁ፣ ከልብ አዝናችሁም ይሁን ይሉኝታ ይዟችሁ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወገኖች፤ የእህታችንን የወይዘሮ ቡሴ ዋቅሹማን አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሸኘታችን በፊት፣ ከየት ተነሥተው፣ በምን ኖረው፣ በምን እንዳረፉ በቤተሰባቸው ስም ይነበብላችኋል። ንባቡ ረዘም ቢልባችሁ ታገሡን፤ ሟች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁሉን ነገር ሲያሳጥሩ የኖሩ ስለሆኑ፣ ቢያንስ ታሪካቸው ሳይቆረጥ እንዲነበብላቸው ቤተሰቡ ወስኗል።

ወይዘሮ ቡሴ ከአባታቸው ከአቶ ዋቅሹማ ኢርከታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጋዲሴ ሙለታ በምዕራብ ወለጋ፣ ከመንዲ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ በ1964 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከጓሯቸው ቡና፣ ከማሳቸው በቆሎና ማሽላ የማያጡ ገበሬ ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ እንግዳ በመቀበል በአገሩ ስማቸው የተጠራ፣ ደጃቸው የቆመን ሰው "በልተሃል ወይ?" ብሎ መጠየቅን እንደ ስድብ የሚቆጥሩ፣ "የመጣ ሰው ይበላል እንጂ አይጠየቅም" የሚሉ ሴት ነበሩ። ይህን ትምህርት ወይዘሮ ቡሴ ከእናታቸው ጡት ጋር ጠጥተውታል፤ ምን ያህል እንዳስከፈላቸውም ወደፊት ትሰሙታላችሁ።

ልጆች በበዙበት በዚያ ቤት በበዓል ቀን ሥጋ የማከፋፈሉ ኃላፊነት ገና በልጅነታቸው ለእርሳቸው የተሰጠው፣ በእርሳቸው ድልድል ላይ ቅሬታ ተነሥቶ ስለማያውቅ ነበር። አጥንት የደረሰው ልጅ ከአጥንቱ ሥር የተደበቀች ጮማ ያገኛል፤ ጮማ የደረሰው ደግሞ ማነሷን ሳያስተውል በልቶ ይጨርሳል። ለራሳቸው የሚያስቀሩት ምን እንደነበረ የጠየቀ ሰው ግን በቤተሰቡ ውስጥ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ትምህርታቸውን በመንዲ ተከታትለው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲያጠናቅቁ ውጤታቸው ለከፍተኛ ትምህርት አልበቃም። መምህሮቻቸው በሒሳብ ያደንቋቸው የነበረው በማካፈል እንጂ በመደመር አልነበረም፤ የሚደመር ነገር ድሮም አልበዛባቸውም። ከዚህ በኋላ አክስታቸውን ተከትለው ወደ አሶሳ መጡ፤ በአንድ የመንግሥት ተቋም ወጥ ቤትም ተቀጥረው፣ ለመቶ ሰው የተመደበን በጀት ለመቶ ሃምሳ ሰው እያበቁ፣ ተመጋቢ "ጨው አነሰ" ከማለት በቀር ቅሬታ ሳያቀርብባቸው፣ እግራቸው ማበጥ ጀምሮ ሐኪም "የደም ግፊት አለብዎት፣ ከእሳት ዳር ይራቁ" እስኪላቸው ድረስ ለብዙ ዓመታት አገለገሉ።

በ1988 ዓ.ም. ከአቶ ዲሳሳ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው፣ አሁን በባምባሲ በአናጢነት የሚተዳደረውን ልጃቸውን ቶኩማን እና በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን ልጃቸውን ቀነኒን አፈሩ። አቶ ዲሳሳ በሹፍርና ሙያ የሚታወቁ፣ የሕዳሴው ግድብ መሠራት ከጀመረ ወዲህም ወደ ጉባ ወርደው በአንድ ተቋራጭ ሥር ገልባጭ መኪና ሲነዱ የቆዩ፣ በማንኩሽ ሐሩር ቆዳቸው ከሰል መስሎ በየጥቂት ወሩ ወደ ቤታቸው ብቅ የሚሉ፣ ደመወዛቸውን ግን ሳያጓድሉ የሚልኩ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው በጉባ ለአገር መብራት ድንጋይ ሲያጓጉዙ፣ ወይዘሮ ቡሴ በአሶሳ ቆጣሪው እንዳይሮጥ መብራት ያጠፉ ነበር፤ እንዲህ ባለ የሥራ ክፍፍል ሁለቱም ለአገራቸው የሚገባውን አደረጉ።

ኑሮው እንዴት እንደወጣ እናንተም የወጣችሁት ዳገት ስለሆነ ብዙ አይተረክም። በጀሪካን ይገዛ የነበረው ዘይት በሊትር፣ በሊትር የነበረው በስኒ ሆነ፤ ሽንኩርት በኪሎ ሲገዛ የታየ ሰው "ሰርግ አለባችሁ እንዴ?" እየተባለ ተጠየቀ፤ ስኳርም እንደ ሩቅ ዘመድ በዓመት በዓል ብቻ ብቅ ማለት ጀመረ። ሬዲዮ በየማለዳው ዋጋ እየተረጋጋ መሆኑን ያበሥር ስለነበር፣ ወይዘሮ ቡሴ ሬዲዮ የሚከፍቱት ገበያ ከመሄዳቸው በፊት ነበር፤ ከገበያ ሲመለሱ ግን ባትሪ ይቆጥባሉ።

እርሳቸውም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የዘይቱን ጠርሙስ ክዳን በቀጭን ምስማር በስተው ዘይቱ ይንጠባጠብ እንጂ እንዳይፈስ አደረጉ፤ ያለቀ የሳሙና ቁራጭ ከሌላው ቁራጭ ጋር እያጋቡ አዲስ ሳሙና አስወለዱ፤ በአንድ ማንደጃ ከሰል ሁለት ወጥና አንድ ሻይ አወረዱ፤ በማንጎ ወቅት ማንጎን ምሳም ራትም አደረጉ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ነዕማ፣ በአሶሳ ገበያ ባሚያና ሽንኩርት የሚቸረችሩት የበርታ ተወላጅ፣ ከእርሳቸው ጋር ሆነው የማሽላ ጆንያ በጋራ እየገዙ ይካፈሉ ነበር፤ አካፋዪዋ ማን እንደነበሩ መናገር አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችውን ጾም ሁሉ ጾሙ፤ ገበያ ያዘዘውን ደግሞ ጨምረው ጾሙ። ልዩነቱ የመጀመሪያው ጾም ፋሲካ ያለው መሆኑ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የአቶ ዲሳሳ ውል አበቃ። ሥራው ወደ መጠናቀቁ ስለደረሰ ለእርሳቸውም ምስጋና ተሰጥቷቸው ተሰናበቱ፤ ምስጋናውም እስከ ዛሬ አልተበላሸም፣ አልተበላምም። ከዚያ ወዲህ የሰው መኪና በዕለት እየነዱ፣ ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ከተሰለፈ መኪና ውስጥ እያደሩ የቻሉትን አመጡ። በዚህ ጊዜ ነበር የሠፈራቸው ሰዎች መስክረውላቸው፣ ወይዘሮ ቡሴ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች የሚሰጠውን የነፃ ሕክምና መታወቂያ ያገኙት። የግፊታቸውን ኪኒን በየወሩ በዚያች መታወቂያ ይወስዱ ነበር፤ ሐኪሙም "ይህን ኪኒን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ" ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር። ቤታቸው ውስጥ ሳይቀነስ፣ ሳይበረዝና ሳይከፈል የሚበላ ነገር ቢኖር ይህ ኪኒን ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ክብራቸው ዘመን እንገባለን።

በከተማችን የሚገኝ፣ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ምስጋና ይድረሰውና፣ የኑሮ ውድነት እናቶችን እያስጨነቀ መሆኑን በጥናት ደርሶበት፣ የውድነቱ መፍትሔ ቁጠባ መሆኑንም እዚያው ጥናት ላይ አግኝቶ፣ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ በአንድ አዳራሽ ሥልጠና አዘጋጀ። ለሠልጣኞች የታሸገ ውኃና ብስኩት፣ ለአሠልጣኞች ደግሞ አበል ተመድቦ ነበር። አሠልጣኙም ገቢን ሦስት ቦታ ከፍሎ አንዱን ለፍጆታ፣ አንዱን ለመዝናኛ፣ አንዱን ለቁጠባ ማዋል እንደሚገባ በሰሌዳ ላይ ሥለው ካስረዱ በኋላ፣ ከእናቶች መካከል ተሞክሮ ያለው እንዲናገር ጋበዙ። እናቶቹ አንገታቸውን ደፉ። አሠልጣኙ ልጅ እግር ናቸው፤ ላብ አጥምቋቸዋል። ወይዘሮ ቡሴ አሠልጣኙ በሰው ፊት እንዳያፍሩ አዝነው እጃቸውን አወጡና የዘይቱን ክዳን በምስማር መብሳታቸውን ተናገሩ።

ጥፋታቸው ይኸው ነው። ሌላ ጥፋት በሕይወታቸው ፈልገን አላገኘንም።

አዳራሹ አጨበጨበ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ብድግ ብለው ስትፈለግ የኖረችው ሞዴል እናት መገኘቷን ገለጹ፤ ይህም ልምድ በአዳራሽ ታፍኖ መቅረት ስለሌለበት፣ በቦታው ተገኝቶ ልምድ መለዋወጥ እንደሚያስፈልግ አሳሰቡ።

በዚያው ሳምንት ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ከወይዘሮ ቡሴ በር ላይ ቆመ። እንግዲህ የጋዲሴ ልጅ ናቸው፤ የመጣ ሰው አይጠየቅም። እንግዶቹም ጨዋዎች ስለሆኑ "አንቸገርም፣ በልተን ነው የመጣነው" አሉ፤ ወይዘሮ ቡሴም ባህላቸው እንደሚያዛቸው "በሞቴ" አሉ፤ "በሞቴ" ከተባለ ደግሞ አልበላም ማለት ነውር ስለሆነ በሉ። ለወር የተቀመጠው ሽሮ፣ ለበዓል የታሰበችው ዶሮ፣ ለቀነኒ መንገድ የተቋጠረው ገንዘብ ጭምር በዚያ ቀን ተበላ። በምስማር የተበሳውን ክዳን በየተራ እያነሡ አብረውት ፎቶ ተነሡ፤ በዚያ ክዳን ግን የዚያን ዕለት ወጥ ሊሠራ ስለማይችል፣ ወይዘሮ ቡሴ ከነዕማ በተበደሩት ዘይት ክዳኑን አውልቀው እንደሠሩ ማንም አላየም።

ወደ ላይ የተላከው ሪፖርትም፣ ሞዴል ግለሰቧ በአነስተኛ ገቢ ሃያ ሁለት እንግዳ አጥግበው እስከ መሸኘት የደረሱ መሆናቸውን በዓይን የተረጋገጠ ውጤት አድርጎ አቀረበ። ልብ በሉ፣ ምሳው ማስረጃ ሆነ። የበላው የልምድ ልውውጥ ኮሚቴ ጠግቦ መውጣቱ የጋባዧን ብልጽግና አስመሰከረ። ይህን የሰሙ ሌሎች ወረዳዎችም እኛስ ለምን እንቅር ብለው በየተራ መምጣት ጀመሩ። አንዱ ቡድን የሳሙናውን፣ አንዱ የከሰሉን ልምድ ቀሰመ፤ ሁሉም ግን ከምሳ ሰዓት በፊት ደርሶ ከምሳ በኋላ ሄደ። በቁጠባ የተያዘን ቤት ይህን ያህል ጊዜ ልምድ ሲቀስሙት የሚተርፈው ምን እንደሆነ እያንዳንዱ በቤቱ ያስላው።

አቶ ዲሳሳ አንድ ቀን ተቆጥተው በሩን ከውጭ ቆልፈው ለመሄድ ተነሥተው ነበር፤ ወይዘሮ ቡሴ ግን ደጅ ላይ ቆመው ለመኑ። የተቆለፈ በር አይቶ የሚመለስ እንግዳ መንገድ ላይ ምን ይላል ብለው ነበር የፈሩት። ሰው ማጣትን ይችላል፤ አጣ መባልን ግን ሁሉም አይችልም፤ እርሳቸውም አልቻሉም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ወይዘሮ ቡሴ ተመረቁ። "ከድህነት የወጡ እናቶች የምረቃ ሥነ ሥርዓት" የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ፣ ካናቴራ ለብሰው፣ ከኃላፊው እጅ ሰርተፍኬትና ከእንጨት የተሠራ የቁጠባ ሣጥን ተቀበሉ፤ የሣጥኑ ቁልፍ ለክትትል እንዲያመች በጽሕፈት ቤቱ ቀረ። የጭብጨባው ድምፅ ሳይጠፋ፣ የተመረቀ ሰው መክፈል እንደሚችል ስለሚታመን፣ የነፃ ሕክምና መታወቂያቸው ለሌላ ችግረኛ እንዲተላለፍ በትሕትና ተጠየቁ። እርሳቸውም ካናቴራውን እንደለበሱ መታወቂያዋን ከጉያቸው አውጥተው ሰጡ።

እንግዲህ ኪኒኑ በገንዘብ የሚገዛ ሆነ፤ የኪኒኑም ዋጋ ከዘይቱ ጋር እሽቅድምድም ገጥሞ ነበር። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ቡሴ ምን እንዳደረጉ በሕይወት ሳሉ በቤታቸው ያወቀ የለም። ለባለቤታቸው መድኃኒቱን እየገዙ መሆናቸውን ነገሯቸው፤ ሐሰትም አልነበረም፣ ገዝተዋል። ከዚያ በኋላ ግን አዳራሽ ያጨበጨበላቸውን ሙያ በኪኒኑ ላይ አዋሉት፤ በምላጭ ከሁለት ከፈሉት፤ ግማሹን ለዛሬ፣ ግማሹን ለነገ አደረጉ፤ ዋጋው ሲጨምር ደግሞ ሩቡን። ራስ ምታቱ ሲጠናባቸው ሻሽ ጠበቅ አድርገው ያስራሉ፤ ጠያቂ ሲመጣ ይፈታሉ።

አቅማቸው ሲያልቅ ያደረጉትንም እንናገር። ነጠላቸውን አጣፍተው ጽሕፈት ቤቱ ሄዱና ከሞዴልነት እንዲሰረዙ፣ መታወቂያቸውም እንዲመለስላቸው ለመኑ። ኃላፊው ከወንበራቸው ተነሥተው በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ በአክብሮት በኩል ጉድለት እንዳልነበረ ቤተሰቡ ይመሰክራል። የተመረቀ ሰው ወደ ኋላ የሚመለስበት አሠራር እንደሌለ፣ ሪፖርቱም ወደ ላይ መሄዱን፣ አንድ ሞዴል ወደቀ ከተባለ የዓመቱ ዕቅድ በሙሉ እንደሚወድቅ በዝርዝር አስረዷቸው። በመጨረሻም ትከሻቸውን ደገፍ አድርገው፣

"እማማ ቡሴ፣ እርስዎ እኮ ውጤታችን ነዎት" አሏቸው።

"ታዲያ ልጄ፣ ውጤት አይታመምም?" አሉ ወይዘሮ ቡሴ።

ኃላፊው ሣቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር፤ በሣቁበትም አንወቅሳቸውም፣ ሰው የሚሥቀው ባልገባው ነገር ላይ ነው። የሚቀጥለው የልምድ ልውውጥ ቡድን ከሩቅ የሚመጣ ስለሆነ እንዲዘጋጁም እግረ መንገዳቸውን ነገሯቸው።

ያን ዕለት ወይዘሮ ቡሴ ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ነዕማ መደብ ሄዱ። ሽንኩርት በመልቀም ላይ የነበሩት ወይዘሮ ነዕማ ፊታቸውን አይተው ነገሩን ሳይነገራቸው አወቁ፤ ለእንግዳው የሚሆን ዘይትና ሽንኩርትም ለመጀመሪያ ጊዜ አልሰጥም አሉ።

"ቡሴ እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ ልምድ አይወስድም፣ እህል ነው የሚወስድ። ወላሂ እኔ ሽንኩርት አልሰጥህም" አሏቸው፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው። "ድስቱን ገልብጠህ አሳየው። ቡሴ የበላውን እሱም ይብላ።"

ወይዘሮ ቡሴ ይህን ሰምተው እንደ ስድብ ቆጠሩት፤ ሳይሰናበቱም ተነሥተው ሄዱ። ሦስት ቀን አልተነጋገሩም። ነገር ግን ራስ ምታቱ በጸናባቸው መጠን የነዕማ ቃል ከአእምሯቸው አልወጣ አለ። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስለዋል፤ ለእርሳቸው ግን የሌለውን እያበሉ ከኖሩ በኋላ፣ ያለውን ብቻ ማቅረብ በአደባባይ እንደ መራቆት ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ተስፋ ነበራቸው፤ እንግዶቹ ከእውነተኛው መሶብ አንድ ጊዜ ከቀመሱ፣ "እዚህ ቤት ተሳስተናል" ብለው ይጽፋሉ፤ ከጻፉም መታወቂያው ይመለሳል፤ መታወቂያው ከተመለሰም ኪኒኑ ሙሉ ይሆናል። ሕይወታቸው በዚህች ሰንሰለት ላይ መንጠልጠሏን እርሳቸው ብቻ ያውቁ ነበር።

በኅዳር መግቢያ ቡድኑ መጣ። ኃላፊው ፊት ፊት፣ ካሜራ የያዘው ከኋላ። ወይዘሮ ቡሴ እንደ ወትሮው ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉ፣ እጅ አስታጠቡ፣ ከዚያም ቤቱ በእርግጥ የሚበላውን አቀረቡ፤ የደረቀ የማሽላ ቂጣ፣ በውኃ የቀጠነ ድልህ፣ ስኳር የሌለው ሻይ። "በሞቴ" ማለት አቅቷቸው ቆሙ።

ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ ነገሩ ገብቷቸው እንደነበር፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ መትከላቸው ያስታውቃል። ኃላፊው ግን ቂጣውን አንሥተው ለካሜራው ከፍ አደረጉና ይህ ከዚህ ቀደም ያልታየ አዲስ የቁጠባ ደረጃ መሆኑን፣ ሞዴላችን ራሳቸውን በራሳቸው እየበለጡ መምጣታቸውን ለጎብኚዎቹ አብራሩ። ተጨበጨበም።

በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ቡሴ፣ በሕይወታቸው እንግዳን ተቃውመው የማያውቁት ሴት፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ፣

"ይሄ ቁጠባ አይደለም፣ ልጄ" አሉ። "ይሄ ማጣት ነው። ያጣሁት እዚሁ ፊታችሁ ነው።"

ድምፃቸው ከፍ አላለም። ማስታወሻ ይይዝ የነበረው ባለሙያ ብዕሩን አንሥቶ ወደ ኃላፊው ቢመለከት፣ ይህ ከጉብኝቱ ዓላማ ውጪ ስለሆነ መጻፍ እንደማያስፈልገው በጆሮው ነገሩት። ቡድኑም ቂጣውን ሳይጨርስ ተነሣ፤ ምሳ ሌላ ቦታ መኖሩ ተሰማ። መኪኖቹ ሲንቀሳቀሱ ወይዘሮ ቡሴ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኟቸው፤ ከዚያም የተረፈውን ቂጣ ሰብስበው ለራት አስቀመጡት።

ሰንሰለቷ በዚህ ተበጠሰች። መታወቂያው አልተመለሰም። ወይዘሮ ነዕማ በማግሥቱ ሙሉ ሊትር ዘይት ይዘው መጥተው ሁለቱ ሴቶች አንገት ላንገት ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ያኔም ቢሆን ግን ስለ ኪኒኑ አልነገሯቸውም። ብነግራት ሽንኩርቷን ሸጣ ትገዛልኛለች ብለው መፍራታቸውን ለንስሐ አባታቸው ብቻ ተናግረው ኖሯል፤ የንስሐ አባታቸውም ከሞታቸው በኋላ ለቤተሰቡ የነገሩት ለመጽናኛ እንዲሆን ነው፤ መጽናኛ አልሆነም።

በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ ከአልጋቸው ሊነሡ ሲሉ ግማሽ ሰውነታቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ባለቤታቸው አቅፈው በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷቸው። ሐኪሙ ግፊታቸውን ለክቶ ደነገጠና መድኃኒቱን በሥርዓት ይወስዱ እንደሆነ ጠየቀ፤ አቶ ዲሳሳም አዎን፣ በሥርዓት ነው ብለው መለሱ፤ የሚያውቁት ያን ነበር። ቶኩማ ከባምባሲ ሲደርስ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት። ቀነኒ መንገድ ላይ እያለች ዐረፉ። ቀነኒ ለእናቷ የመገነዣ ልብስ ስትፈልግ ትራሱ ሥር የተጠቀለለች ጨርቅ አገኘች፤ ፈታ ብታያት በምላጭ የተከፋፈለ ኪኒን ነበር፤ እንደ በዓል ሥጋ ተስተካክሎ የተደለደለ፣ ለብዙ ሳምንት የሚበቃ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ጎረቤታቸውንና ኮሚቴውን ሁሉ ያጠገቡት እጆች ለራሳቸው ያካፈሉት ያን ነው።

ምን ገደላቸው የሚለውን ሐኪሙ በወረቀት ላይ "የደም ግፊት" ብሎ አስፍሯል። እኛም ከሐኪም በላይ አናውቅም። ስኳር በማጣት ሰው አይሞትም፤ ዘይት በማነሱ ሰው አይሞትም፤ እንግዳ በማብላትም ሰው አይሞትም። አንድ ሰው ሦስቱን ከተሸከመ በኋላ በላዩ ላይ ሲጨበጨብበት ምን እንደሚሆን ግን ጥናት ለሚያውቁት እንተወዋለን።

ጽሕፈት ቤቱ በዚህ ሐዘን አለመለየቱን ማመስገን ይገባናል። ትናንት መልእክተኛ ልኮ፣ ሟች ሞዴል እናት እንደመሆናቸው ቀብራቸውም ያለ ብክነት በአርአያነት እንዲፈጸም፣ ድንኳኑ ላይም የጽሕፈት ቤቱ ጨርቅ እንዲሰቀል ጠይቆ ነበር። አቶ ዲሳሳ ለዚህ ጥያቄ የሰጡትን መልስ፣ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፊት የሚነበብ ስላልሆነ፣ አናነበውም። ጨርቁ አለመሰቀሉን ግን ታያላችሁ።

ወይዘሮ ቡሴ ባለቤታቸውን አቶ ዲሳሳን፣ ልጆቻቸውን ቶኩማንና ቀነኒን፣ ከቶኩማ ያገኟቸውን ሁለት የልጅ ልጆች፣ በመንዲ የሚገኙ እህትና ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም ከማለዳ ጀምሮ ከድስቱ ዳር ያልተነሡትን፣ በደም ባይሆን በማሽላ ጆንያ የተዛመዱትን ወይዘሮ ነዕማን ጥለው በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ከቀብር መልስ ማንም ሳይቀምስ እንዳይሄድ ቤተሰቡ ይለምናል። ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁ፣ በሁለት መኪና የመጣችሁ እንግዶቻችንም አትፈሩ፤ ዛሬ የሚቀርበው ከዚህ ቤት አይደለም፣ የእድሩ ሴቶች ከየቤታቸው ያመጡት ነው። ብሉ። ጥገቡም። ነገር ግን ስትበሉ ቀና ብላችሁ ወደ ጓዳው በር ተመልከቱ፤ በዚያ በር ብቅ ብሎ "በሞቴ" የሚላችሁ ሰው የለም፤ እንግዳ ቤታቸው ገብቶ ወይዘሮ ቡሴ ሳይነሡ የቀሩት ዛሬ ነው።

አምላክ ሆይ፣ የእህታችንን የወይዘሮ ቡሴን ነፍስ ዘይት በጠብታ በማይለካበት፣ መድኃኒት በምላጭ በማይከፈልበት፣ ሰው ከመከራው ሳይወጣ በማይመረቅበት አገር አሳርፍ። በአብርሃም ማዕድ ዙሪያ ቦታ ስጣቸው፤ ልማዳቸው ነውና ለማስተናገድ ብድግ ሊሉ ይችላሉ፣ አንተ ግን ትከሻቸውን ይዘህ አስቀምጣቸው፤ በልተሻል ወይ ብለህም አትጠይቃቸው። በዚያ ቤት እንኳ እንግዳይቱ እርሳቸው ይሁኑ። አሜን።